«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ አንዲት ትንሽ የማሻሻያ ፋይል ላከ። ፋይሏ ስህተት ነበረባት። የደረሰቻቸው የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን አሳይተው ቀጥ አሉ፤ እንደገና ሊነሱ ሲሞክሩም ያችኑ ፋይል ስለሚያነቡ መልሰው ወደቁ። ኩባንያው ነገሩ ገብቶት ፋይሏን ያስተካከለው በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው እስከዚያ ድረስ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ተመተው ነበር። በየአህጉሩ በረራ ተስተጓጎለ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ ባንኮች አገልግሎት አቋረጡ። ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን በአምስት ቀናት ውስጥ 7,000 ገደማ በረራዎችን ሰርዟል።

መድኃኒቱ ግን ትንሽ ነበር። ኮምፒውተሩን «ሴፍ ሞድ» በሚባለው የጥንቃቄ አነሳስ ማስነሳት፣ ያችን አንዲት ፋይል ፈልጎ ማጥፋት፣ ከዚያ እንደገና ማስነሳት። ለአንድ ማሽን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዓለምን ለቀናት ያስጨነቀው እያንዳንዱን ማሽን ሰው በእጁ መንካት ስለነበረበትና ቁጥሩም እጅግ ብዙ ስለነበር ነው። ራም አልተቃጠለም፤ ሃርድ ዲስክ አልተሰበረም፤ በውስጡ የነበረው ሰነድ ሁሉ በቦታው ነበር። ስክሪኑን ያየ ሰው ግን ማሽኑ ሞቷል ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እንዲህ ያለው ድንጋጤ በየቤቱ አለ። ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ሰው ማሽኑን ታቅፎ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። እዚያም ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ለጠጋኙ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን ከመፈለግ ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይፈጥናል። ለባለቤቱ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሱቁ ሒሳብ፣ የልጁ የክርስትና ፎቶ ሊሄድበት የሚችል ውሳኔ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ከነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ፎርማት ጨርሶ የማያስፈልጋቸው መሆናቸው ነው። አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ገመዱ በደንብ እንዲሰካላቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ሲቆም መቅደም ያለበት ጥያቄ «የት ላይ ቆመ?» የሚለው ነው። ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ አይነሳም። እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ አንዱ ክፍል የድርሻውን ጨርሶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። በመጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለውስጥ ዕቃዎች በሚስማማ መጠን ቀንሶ ያድላል። ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ይነቃና ራሙን፣ ፕሮሰሰሩን፣ የስክሪኑን ክፍል ይፈትሻል። ይህን ፕሮግራም የቆዩ ሰዎች ባዮስ ይሉታል፤ በአሁኖቹ ማሽኖች ቦታውን የወሰደው ዩኢኤፍአይ ነው። ፍተሻው ካለፈ ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ይፈልጋል። በመጨረሻ ዊንዶውስ ራሱ ተነስቶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ዱላው የወደቀበትን ቦታ ያወቀ ሰው ግማሹን ጥገና ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ቁልፉ ሲጫን መብራት የለም፣ የፋን ድምፅ የለም፣ ምንም የለም። እዚህ ላይ ዊንዶውስን መጠርጠር ከንቱ ነው፤ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም። ጥያቄው የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ወይም መብራት ሰክቶ ማየት፣ ማከፋፈያውን ትቶ በቀጥታ ከግድግዳ መሞከር፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ከሲስተም ዩኒቱ (ከሳጥኑ) ጀርባ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍቶ እንደሆነ መመልከት ይቀድማል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ሲሰካ ትንሿ መብራት ትበራ እንደሆነ ማየት ነው። ካልበራች ተመሳሳይ ቻርጀር ያለው ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ፈልጎ መሞከር ብዙ ገንዘብ ያድናል። በዚያ ቻርጀር ላይ የተጻፈው ቮልት ከላፕቶፑ የራሱ ቻርጀር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩም ማነስ የለበትም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መላ እዚህ ጋ አለ። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ የማስነሻ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ። በማዘርቦርዱ ላይ ኃይሉን የምትቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ አንዳንድ ጊዜ ግራ ተጋብታ ትቆልፋለች፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ሲፈስ ከዜሮ ትጀምራለች። ከዚያ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ማስነሳት ነው። ሞተ የተባለ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ሲነሳ የጥገና ሰዎች በተደጋጋሚ ያዩታል። ባትሪው ግን አብጦ ከተገኘ፣ የላፕቶፑን ክዳን ወይም የመዳሰሻ ሰሌዳውን ወደ ላይ ከገፋው፣ ሙከራው እዚያው ይቁም። ያበጠ ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲጎብጥ እሳት ሊያነሳ ይችላል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የቆየ ዴስክቶፕ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ነው። የአሁኖቹ ላፕቶፖች ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የሶኬቱን ቅርፅ የሚያስማማ መሰኪያ ይበቃዋል። በቆዩ ዴስክቶፖች ጀርባ ላይ ግን «115» እና «230» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነች መቀየሪያ ትገኛለች። መቀየሪያዋ 115 ላይ እንደተተወች 220 ውስጥ የተሰካ ማሽን ድው የሚል ድምፅ አሰምቶ ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥላል። ከሳጥኑ ሲወጣ፣ ገና ሳይሰካ፣ በጠፍጣፋ ዊንዲቨር ወደ 230 ማዞር የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ጽሑፍ ዕቃ ለሚልኩ ዘመዶችም ማስነበብ ይጠቅማል።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ማሽን ይጎዳል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በመሄዱ ሳይሆን በመምጣቱ ሰዓት ነው፤ ኃይሉ ሲመለስ ለአፍታ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። አቅም ያለው ሰው ዩፒኤስ የሚባለውን የመጠባበቂያ ባትሪ ቢገዛ ማሽኑ በሥርዓት የሚጠፋበት ጊዜ ያገኛል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ከፍቶ መነካካት ግን የቤት ሰው ሥራ አይደለም፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ሁለተኛው ደረጃ ይበልጥ ያሳስታል። መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ስክሪኑ ራሱ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ክፍሉን አጨልሞ የስልክ ባትሪ መብራት በስክሪኑ ላይ ገደድ አድርጎ ማብራት፤ ጽሑፍ ደብዝዞ ከታየ ኮምፒውተሩ ተነስቷል፣ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ ብርሃን ነው ማለት ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘትም ይህንኑ ይለያል። ዴስክቶፕ ላይ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ካለ የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካት አለበት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ምልክት የለም ይላል። ቢሮ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ይህ በብዛት ይከሰታል።

ስክሪኑ ደህና ከሆነስ? ኮምፒውተሩ የሚናገርበት ሌላ መንገድ አለው። ፍተሻው ላይ የተሰናከለ ማሽን ጡጥ ጡጥ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ወይም አንዲት መብራት በተወሰነ ቁጥር ያርገበግባል። ይህ በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም፤ እያንዳንዱ አምራች ትርጉሙን በመመሪያው ላይ አስፍሮታል። ለምሳሌ በብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ የባትሪዋ መብራት ሁለት ጊዜ ብርቱካንማ፣ ሦስት ጊዜ ነጭ እያለች ከተመላለሰች «ራም አላገኘሁም» ማለቷ ነው። በኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የኪቦርዱ መብራት በማርገብገብ ይናገራል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ መጻፍ ወይም በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ከዚያም ከማሽኑ ሞዴል ጋር አያይዞ የአምራቹን መመሪያ ማየት ነው። ቴክኒሺያን ዘንድ ሲኬድም ይህ ቪዲዮ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ድምፁ ወይም መብራቱ ራም የሚል ከሆነ ተስፋ አለ፤ በጣም ከተለመዱት ችግሮች አንዱ ነውና፣ ብዙ ጊዜም ዕቃ ሳይገዛ ይስተካከላል። ራም ጣት የምታህል ረዘም ያለች አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰሌዳ ናት፤ በአንድ ጎኗ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረዋል። አቧራ፣ እርጥበትና ዓመታት እነዚህን ጥርሶች ያደበዝዟቸዋል፤ አንዱ ጥርስ እንኳ ካልነካ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሶኬቱ ይነቀላል፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውም ይወጣል፣ የማስነሻ ቁልፉ ጥቂት ሰከንድ ተይዞ የቀረው ኃይል ይፈሳል። በእጅ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ የሲስተም ዩኒቱን ብረት መንካት ነው። ከራሟ ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ወደ ውጭ ሲገፉ ራሟ ራሷ ብድግ ትላለች። ጠርዟን ይዞ፣ ጥርሶቿን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርጎ አንድ ሁለት ጊዜ ማሸት፣ የላጲሱን ፍርፋሪ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ። በአፍ እፍ ማለት ግን አይገባም፤ ከትንፋሽ ጋር እርጥበት ይገባል። መልሶ ሲሰካ ጥርሶቹ መሃል ያለችው ክፍተት ከመሰኪያው ጉብታ ጋር መግጠም አለባት፤ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ድረስ እኩል ተጭኖ መመለስ ነው።

ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ መሞከር ይጠቅማል፤ አንዷ ስትገባ ከተነሳ፣ ሌላዋ ስትገባ ካልተነሳ ጥፋተኛዋ ታወቀች። ራም ከተነካካ በኋላ አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሱ ራሙን ለመላመድ ስክሪኑን ለጥቂት ደቂቃ ጥቁር አድርገው ይቆያሉ። ቸኩሎ ማጥፋት አያስፈልግም። በቀጫጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷልና ይህ ዘዴ አይሠራም።

ከራም ሌላ፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጣለች። ስሟ ሲአር 2032 ነው፣ 3 ቮልት፤ በመኪና ሪሞትና በትናንሽ ሚዛኖች ውስጥ የምትገባው ናት። ሥራዋ ማሽኑ ከሶኬት በተነቀለ ጊዜ ሰዓቱንና የባዮሱን ማስተካከያ መጠበቅ ነው። ስታልቅ የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድረ ገጾች አልከፍት ይላሉ፤ ሲነሳም ኤፍ1 ተጫን እያለ ያስቸግራል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ያልታወቀው የባሰው ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ባዮሱ ማስተካከያውን ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፤ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ያኔ ዲስኩን የሚያነብበት ስልት ይቀየራል። ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ ዲስኩን ማግኘት ስለማይችል ሊነሳ ሲል ስህተት ያሳያል። ባዮስ ገብቶ ያንን አንድ ምርጫ ወደ ነበረበት መመለስና ባትሪዋን መቀየር በቂ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ስንት ጊዜ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ተብሎ ፎርማት ይደረጋል!

ማዘርቦርዱ ሲታይ ካፓሲተሮቹንም መመልከት ነው፤ ትናንሽ በርሜል የመሰሉት። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። አብጠው ወይም ቡናማ ነገር አንጠባጥበው ከተገኙ ማሽኑ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተበላሸ ኬሚካል የተሠሩ ካፓሲተሮች በዓለም ዙሪያ ተሠራጭተው ነበር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ የተባሉት የቢሮ ማሽኖቹ በዚሁ ስለተመቱበት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ለጥገናና ለመተኪያ 300 ሚሊዮን ዶላር ሒሳብ ለመያዝ ተገዷል። የተበላሸ ካፓሲተር በብየዳ ይቀየራል፤ ብየዳ የሚችል ባለሙያ ካለ ማዘርቦርዱን መጣል አያስፈልግም።

ወደ ሦስተኛው ደረጃ እንለፍ። የአምራቹ ዓርማ ታየ፣ ከዚያ «የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጥቁር ስክሪን ላይ ወጣ። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ ወደ ዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ይመልከት። ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ካለ ኮምፒውተሩ ከእርሱ ለመነሳት እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ነቅሎ ማስነሳት ነው።

ፍላሽ ከሌለ ባዮስ ገብቶ ዲስኩ ስሙ ተዘርዝሮ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ማሽኑ እንደተነሳ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በሌኖቮ እንደ ሞዴሉ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ደጋግሞ መጫን ያስገባል። ዲስኩ ከታየ ምናልባት የአነሳሱ ቅደም ተከተል ተዛብቶ ነው። ካልታየ ገመዱ ላልቶ ወይም ዲስኩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የቆየው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጆሮን አስጠግቶ ማዳመጥ። ውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ፤ መረጃውን የምታነበው መርፌ መሰል ክፍል ከሳህኑ በላይ የምትንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ የሚል ተመላላሽ ድምፅ ከተሰማ መርፌዋ ቦታዋን አጥታለች። ያኔ ማሽኑ ወዲያው ይጥፋ። «አንድ ጊዜ ልሞክር» እያሉ ማስነሳት ሳህኑን ያስፍቃል፤ የተፋቀውን የሚመልስ የለም። ውስጡ የማይተካ ነገር ካለ ዲስኩ ሳይነካ ወደ መረጃ መልሶ ማግኛ ባለሙያ መሄድ አለበት።

ቫይረስም ማሽኑን እዚህ ደረጃ ላይ ሊያቆመው ይችላል። ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ነቅቶ የሃርድ ዲስኩን መጀመሪያ ክፍል ደመሰሰ፤ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይም የባዮሱን ቺፕ ራሱን አበላሸ። እነዚያ ማሽኖች እንደገና ሲበሩ ስክሪናቸው ላይ ምንም አላሳዩም። የዛሬዎቹ ባዮሶች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነቱን ጥቃት የሚከላከል ጥበቃ አላቸው።

አራተኛው ደረጃ ዊንዶውስ ራሱ ነው። ዓርማው ይታያል፣ ነጠብጣቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ይጀምራል፤ ወይም የስህተት ስክሪን ይመጣል። ያ ስክሪን ለዓመታት ሰማያዊ ነበር፤ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዊንዶውስ 11 ጥቁር ሆኗል። ቀለሙ ምንም ይሁን ከታች የተጻፈችውን የስህተት ስም በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ምርመራው የሚጀምረው ከእርሷ ነው። «አፕዴት እየተጫነ ነው፣ አታጥፋ» ካለ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ በቆየ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ መሃል ላይ ማቋረጥ ደግሞ ራሱ የብልሽት ምንጭ ነው።

ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መነሳት ካቃተው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ራሱ የመጠገኛውን ሰማያዊ ገጽ ይከፍታል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሲያይ ይደነግጣል፤ እንዲያውም መልካም ዜና ነው። ዲስኩ ይነበባል ማለት ነው። ከመነካካቱ በፊት ፕሪንተር፣ ፍላሽ፣ ተጨማሪ ዲስክ ሁሉ ይነቀል። ከዚያ በገጹ ላይ ካሉት አማራጮች የአነሳስ ጥገናውን ማስጀመር፤ ካልሠራ፣ ችግሩም የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ፣ የመጨረሻውን አፕዴት ማስወገድ፤ እርሱም ካልረዳ ማሽኑን ወደ ቀድሞ ቀን ሁኔታው መመለስ። እነዚህ ሦስቱ የባለቤቱን ሰነድና ፎቶ አይነኩም። በዚያው ገጽ በኩል ወደ አነሳስ ማስተካከያው ተገብቶ 4 ቁጥር ሲጫን ሴፍ ሞድ ይከፈታል፤ እዚያ ላይ ከተነሳ ጥፋተኛው በቅርቡ የተጫነ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ አጥፍቶ ማየት ነው። «ሪሴት» የሚለው አማራጭ የመጨረሻው ነው፤ እርሱም ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ፕሮግራሞችን አጥፍቶ ፋይሎችን ያስቀራል፣ ሌላው ሁሉንም ያጠፋል። የትኛው እንደተመረጠ ሁለት ጊዜ ሳያነቡ መጫን አይገባም።

ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ሲባል ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋም ማወቅ ይጠቅማል። በፍጥነት ለመነሳት ሲል የራሱን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያሸልባል፤ የተበላሸ ነገር ካለም አብሮት ያድራል። «ሪስታርት» ግን ከዜሮ ያስጀምራል። አጥፍቶ በማብራት ያልተፈታ ችግር በሪስታርት የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን እያስለቀሰ ወዳለው ነገር። ክራውድስትራይክ በተሰናከለበት ቀን ባለሙያዎቹን ያዘገየው አንዱ ምክንያት ዲስኮቹ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ቁልፍ የተመሰጠሩ መሆናቸው ነበር። ዛሬ ይህ ቁልፍ የድርጅት ብቻ አይደለም። ብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ሳይጠይቁት ዲስኩን ይመሰጥራሉ። ባዮስ ሲታደስ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ማሽኑ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ የሚገኘው ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ችግሩ፣ ማሽኑን ያስጀመረው ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከሆነ ቁልፉ ያለው በሻጩ አካውንት መሆኑ ነው። ያ ቁጥር ከሌለ ዲስኩን የሚከፍት ሰው የለም፤ ማይክሮሶፍትም አይከፍተውም። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው በራሱ አካውንት መከፈቱን አረጋግጦ፣ ያንን ቁጥር ዛሬውኑ በወረቀት ጽፎ ከኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ ያስቀምጥ።

ዲስኩ ካልተመሰጠረ ወይም ያ ቁጥር ካለ፣ ዊንዶውሱ በምንም መንገድ አልነሳ ቢል እንኳ ሰነዱን ማውጣት ይቻላል። አንደኛው መንገድ ኡቡንቱን የመሰለ ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ነው፤ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል። ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረግና፣ «ጫን» የሚለውን ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን መርጦ መግባት። ዲስኩ ላይ ምንም ሳይነካ ማኅደሮቹ ይከፈታሉ፤ የሚፈለገው ወደ ተጨማሪ ዲስክ ይገለበጣል። ሁለተኛው መንገድ ዲስኩን ፈትቶ፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ በሚሸጠው የዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ከትቶ እንደ ፍላሽ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። ማንኛውም ጥሩ ቴክኒሺያን ሁለቱንም ያውቃል። የሚያደርገው ግን ሲጠየቅ ነው።

ከፎርማት በፊት ሰነዱ እንዲገለበጥ ለመጠየቅ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በድሮው ሃርድ ዲስክ ላይ በችኮላ ፎርማት የተደረገ ሰነድ፣ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት፣ በልዩ ፕሮግራም ተፈልጎ ሊገኝ ይችል ነበር። የሚሽከረከር ሳህን በሌለው በአዲሱ የዲስክ ዓይነት፣ በኤስኤስዲ ላይ ግን ነገሩ ተለውጧል። ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ብሎ ለኤስኤስዲው ይነግረዋል፤ እርሱም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚመለስ ነገር አይኖርም። ማሽኖቹ እየፈጠኑ ሲሄዱ የ«ፎርማት ይደረግ» ዋጋም እንዲሁ ከፍ ብሏል።

ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው እንግዲህ ባዶ እጁን አይሂድ። ብልሽቱ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሆነ ይናገር፤ መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር፣ አፕዴት እየተጫነ ነበር፣ ቡና ፈስሶበታል፣ ከጠረጴዛ ወድቋል። የስክሪኑን ፎቶና የመብራቱን ቪዲዮ ያሳይ። «ዳታዬ ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳይደረግ» ብሎ በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ። ዲስክ ከተቀየረ አሮጌውን ይቀበል፤ የሞተ ቢባልም የእርሱ ነው፣ የግል ሰነዱም እዚያው ውስጥ ነው። ቡና የፈሰሰበትን ላፕቶፕ ደግሞ ደርቋል ብሎ ማስነሳት አይገባም፤ ወዲያው ጠፍቶ፣ ከቻርጀርም ከባትሪም ተለይቶ፣ ተከፍቶ እንዲጸዳ እንደዚያው ይወሰድ።